ክፍል ፊት ቆሞ መናገር፦ ለኮሚዩኒኬሽን ኮርስ ንግግር የዝግጅት መመሪያ

የኮሚዩኒኬሽን ኮርስ የጀመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ፍርሃቱን እንዴት ላጥፋው?» ይላሉ። አንዱ «ሰው ፊት ስቆም ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል» ይላል። ሌላዋ «እጄ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ያየኛል» ትላለች። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ፍርሃቱ እስኪጠፋ አትጠብቁ። በራስ መተማመን የሚመጣው ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ያውም ደጋግመው ከተናገሩ በኋላ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ፍርሃቱ እያለም ንግግሩ እንዲሳካ ያደርጋሉ። በየሙከራው ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ እየቀለለ ይሄዳል።

መመሪያው የተሰናዳው ለ5 ደቂቃ ንግግርና ለሁለት ሳምንት ያህል ዝግጅት ነው። ጊዜያችሁ ካጠረ መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ተመልከቱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መምህሩ ውጤት የሚሰጥበት መስፈርት (ብዙዎች ሩብሪክ ይሉታል)
- 5 ወይም 6 ጠንካራ ካርዶች፣ መዳፍ ላይ የሚበቁ
- ወፍራም የሚጽፍ እስክሪብቶ
- ስልክ፦ ለሰዓት መቁጠሪያ፣ ለድምፅና ለቪዲዮ መቅጃ
- ስልኩን ማስደገፊያ፤ የመጻሕፍት ክምር ይበቃል
- ሊሰሟችሁ ፈቃደኛ የሆኑ ከ1 እስከ 4 ሰዎች
- ውሃ

መስታወት ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሆን ተብሎ ነው። መስታወት ፊት ስትለማመዱ የምትለምዱት ራሳችሁን ማየት ነው። መድረክ ላይ ግን ሥራችሁ አድማጭን ማየት ነው። ፊታችሁን ለመገምገም ቪዲዮ ይሻላል፤ እየተናገራችሁ ሳይሆን ከተናገራችሁ በኋላ ስለምታዩት ሐሳባችሁ አይከፈልም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሰውነታችሁ ምን እያደረገ ነው?

ተራችሁ ሲጠራ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልበዋል። ሰውነት ለከባድ ሥራ ሲዘጋጅ እንዲህ ነው፤ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ልብ ማለት ያለባችሁ ጊዜውን ነው። ጭንቀቱ ጫፍ የሚደርሰው ልትጀምሩ ስትሉና በመጀመሪያው ደቂቃ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው ሰው መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ የዝግጅታችሁ ትልቁ ድርሻ ያቺን የመጀመሪያ ደቂቃ ለማሻገር መዋል አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ፍርሃታችሁ እናንተ የምታስቡትን ያህል አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ የሚታየው እነሱ ከሚገምቱት ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይተዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር ማድረጋቸው ነው። እናንተም ይኸው ተነገራችሁ።

ደረጃ 1፦ መስፈርቱን አንብቡና ነጥቡ የት እንዳለ ለዩ

ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት መስፈርቱን አውጡ። ለአደረጃጀት ስንት ነጥብ አለው? ለማስረጃ ስንት? ለድምፅና ለእይታ ስንት? ከሰዓት በላይ መሄድ ያስቀጣል ወይ? ብዙ ተማሪ ሦስት ሌሊት ስላይድ ሲያሳምር ያድራል፤ መስፈርቱ ላይ ግን ስላይድ ትንሽ ነጥብ ነው ያለው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። መስፈርት ካልተሰጣችሁ መምህሩን ጠይቁ። መጠየቅ አያስቀጣም።

ደረጃ 2፦ ርዕሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እስኪገባ አጥብቡ

«እንቅልፍ» ርዕስ ነው፤ ለ5 ደቂቃ ንግግር ግን በጣም ሰፊ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «ንግግሬን የሰማ የክፍል ጓደኛዬ ሲወጣ … መናገር ይችላል።» ለምሳሌ፦ «ንግግሬን የሰማ የክፍል ጓደኛዬ ሲወጣ፣ ለፈተና ሌሊቱን ሳይተኙ ሲያጠኑ ከማደር መተኛት ለምን እንደሚሻል ሁለት ምክንያት መናገር ይችላል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሚጠቅመው ለመቁረጥ ነው። ያነበባችሁትን ሁሉ ማስገባት ያምራችኋል። የህልም ትርጉም፣ የሕፃናት እንቅልፍ፣ የማንኮራፋት መንስኤ፣ ሁሉም ደስ ይላል። ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ካልሄደ ይውጣ።

የምትመርጡት ጉዳይ ከንባብ በተጨማሪ ከኑሮ የምታውቁት ቢሆን ይመረጣል። ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ያነበባችሁት ይሸሻል፤ የኖራችሁት ግን ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ አስተዋጽኦ አውጡ፤ ሙሉ ጽሑፍ አትጻፉ

ከሁሉም ደረጃ ተማሪ የሚከራከረኝ በዚህ ነው። «ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል» ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቃል በቃል የተሸመደደ ንግግር አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን እየጠራ ነው የሚሄድ። አንዷ ቃል ስትጠፋ የሚቀጥለውን የሚጠራ አይኖርም፤ ሁሉም ይቆማል። ሐሳቡን በቅደም ተከተል የያዘ ሰው ግን ቃል ቢጠፋው በሌላ ቃል ይቀጥላል።

አስተዋጽኦው እንዲህ ይሁን፦

- መግቢያ፦ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ
- ነጥብ 1፦ የተማርነው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው
- ነጥብ 2፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትኩረቱ ይበታተናል፤ የሚያውቀውን ጥያቄ ይሳሳታል
- መደምደሚያ፦ 30 ሰከንድ

ለ5 ደቂቃ ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ዳር ነው። አራት ነጥብ ያለው የ5 ደቂቃ ንግግር ሲሮጥ ነው የሚያልቀው።

በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ሦስት ነገር ይኑር፦ ነጥቡ ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ማስረጃ ከነምንጩ፣ አንድ የሚታይ ምሳሌ። ምንጩን በአፋችሁ ጥሩ። ወረቀት ላይ ምንጭ ግርጌ ይቀመጣል፤ በንግግር ግን ግርጌ የለም። ምንጩን ካልተናገራችሁት አድማጭ የእናንተ ሐሳብ አድርጎ ይወስደዋል፣ መምህሩም እንደ ኩረጃ ሊቆጥረው ይችላል።

በነጥቦቹ መካከል መሸጋገሪያ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «እንቅልፍ ትምህርቱን እንደሚያጸና አየን። ፈተናው ላይ ስንቀመጥስ ምን ያደርግልናል?» የሚል ዓይነት። አንባቢ ቢጠፋበት ገጹን ገልብጦ ይመለሳል። አድማጭ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የት እንደደረሳችሁ እናንተ ልትነግሩት ይገባል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን በቃል ያዙ

አትሸምድዱ ካልኩ በኋላ ይህን ማለቴ ግር ሊላችሁ ይችላል። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው፤ ጭንቀቱ ጫፍ የሚደርሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ አዲስ ቃል መፈለግ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አፋችሁ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።

አከፋፈቱ አድማጩን ወዲያው የሚነካ ይሁን። «ባለፈው ፈተና ሌሊቱን ያደራችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ» ማለት ጥሩ አከፋፈት ነው። ዓይን ሁሉ ከእናንተ ለአፍታ ይነሳል፤ እናንተም ትተነፍሳላችሁ። «ዛሬ የማቀርብላችሁ ርዕስ ስለ እንቅልፍ ነው» ማለት ስህተት ባይሆንም ማንንም አያነቃም።

መጨረሻውን የምትይዙት በሌላ ምክንያት ነው። መውጫ ያላዘጋጀ ሰው «እ… ያው ይሄው ነው፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይወርዳል። መምህሩ ነጥብ የሚሞላው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 5፦ ካርዶቹን ጻፉ

በአንድ ካርድ አንድ ክፍል። ቁልፍ ቃላት ብቻ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ብቻ። ቁጥር፣ ስምና ዓመት ከሆነ ግን በትክክል ጻፉት፤ እነዚህን በግምት መናገር አይቻልም። ጥግ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር ስጡ። ካርድ ይወድቃል። ሲወድቅ ቅደም ተከተሉን የሚነግራችሁ ቁጥሩ ነው።

ሰፊ ስስ ወረቀት አትያዙ። እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ብዙ ይንቀጠቀጣል፣ ይንኮሻኮሻልም። ጠንካራ ካርድ መንቀጥቀጡን ይደብቃል። ስልክ ላይ ማንበብም አይመከርም፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ጣት ሲያልበው አልከፈት ይላል።

ደረጃ 6፦ በደረጃ ከፍ እያላችሁ ተለማመዱ

ከመመሪያው አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ እንደሆነ ይህን ውሰዱ።

ፍርሃት የሚያድገው ስንሸሸው ነው። አንድ ጊዜ «አሞኛል» ብላችሁ ከቀራችሁ ለጊዜው እፎይ ትላላችሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን መቅረት የበለጠ ያምራችኋል። ፍርሃቱ የሚቀንሰው በትንሽ መጠን፣ ደጋግመን፣ ሳንሸሽ ስንጋፈጠው ነው። ለዚህ ነው ልምምዱ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄደው፦

ሀ. ብቻችሁን፣ ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በልብ መከለስ ልምምድ አይደለም። በልባችሁ ስታነቡ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ያምራል። አፍ ላይ ሲወጣ ነው የቱ እንደሚያደናቅፍ የሚታወቀው።

ለ. ድምፃችሁን ቅዱ። ስትሰሙት «ይሄ የኔ ድምፅ ነው?» ትላላችሁ። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም እንሰማለን፤ ቅጂው ላይ የአጥንቱ ክፍል የለም። ስለዚህ እንግዳ ይመስላችኋል እንጂ መጥፎ አይደለም። ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ሐ. ቪዲዮ ቅዱ። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ እጅና እግራችሁ ምን እንደሚሠሩ ይገለጣል። አንዴ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ስሙት። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ አስተካክሉ። አሥር ጉድለት ጽፎ የሚነሳ ሰው በማግስቱ አይለማመድም።

መ. አንድ ሰው ፊት። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጓደኛ «አሪፍ ነበር» ነው የሚለው። ይልቅ «ዋና ዋና ነጥቦቼ ምን ነበሩ?» በሉት። መልሶ መናገር ካልቻለ ችግሩ አስተዋጽኦው ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ሠ. ሦስት ወይም አራት ሰው ፊት። አንዱን ስልኩን እንዲነካካ፣ ሌላውን ፊቱን እንዲያኮሳትር ንገሩት። ክፍል ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ቀድማችሁ ልመዱት።

ረ. ንግግሩ የሚደረግበት ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ሳለ። የምትቆሙበትን ቦታ እወቁ። አንድ ጓደኛችሁን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጡና ይሰማ እንደሆነ ጠይቁት።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትና በኋላ ፍርሃታችሁን ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡትና ጻፉት። ቁጥሩ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። «አይዞሽ፣ አይዞህ» ከሚል ሰው ይልቅ የራሳችሁ ቁጥር ያሳምናችኋል። ቁጥሩ ካልወረደ ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ያንኑ ደረጃ ድገሙት።

አንድ ጥብቅ ደንብ፦ ስትሳሳቱ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። በተሰናከሉ ቁጥር «ቆይ እንደገና» የሚሉ ሰዎች መግቢያቸው እንደ ዘፈን ይፈስሳል፤ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ግን ብዙም ተለማምደውት አያውቁም። መድረክ ላይ ደግሞ «እንደገና» የለም። ተሰናክላችሁ መቀጠልን ራሱን ተለማመዱት። አንዳንድ ቀን ሆን ብላችሁ ከነጥብ 2 ጀምሩ።

በአንድ ሌሊት አራት ሰዓት ከመለማመድ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል። ከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንዴ ከተጠናው የበለጠ ይቆያል።

ሰዓት ቁጠሩ። ልምምዱ ላይ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አካባቢ ካለቀ ጥሩ ነው። መድረክ ላይ አንዳንዱ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ ከአድማጭ ጋር ሲጫወት ይረዝምበታል፤ ትርፏ 30 ሰከንድ ለዚያ ናት። ከረዘመባችሁ ምሳሌ ቁረጡ እንጂ አፋጥናችሁ አትናገሩ።

ደረጃ 7፦ ድምፅና አቋም

እግራችሁን በትከሻ ስፋት ልክ ክፈቱ፤ ጉልበታችሁ ትንሽ ላላ ይበል። ጉልበትን አደንድኖ ለረጅም ጊዜ መቆም ደም ከእግር ወደ ላይ እንዳይመለስ ያግዳል፤ ሰው ቆሞ ሳለ ራሱን የሚስተው አንዳንዴ በዚህ ነው። እጃችሁን የት እንደምታደርጉት ከጨነቃችሁ ካርዱን በአንድ እጅ ያዙ፤ ሌላው ነጻ ይሁን።

በአማርኛ ስትናገሩ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። «ሌሊቱን ማደር ውጤት ያሻሽላል ብዬ አላምንም» ስትሉ «አላምንም» ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ፣ የኋላው ረድፍ የሰማው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር አሳጥሩ፤ የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ እንደ መጀመሪያዋ ጉልበት ስጧት። ቅጂያችሁን ስትሰሙ ይህን ለይታችሁ አዳምጡ።

«እእእ»፣ «እንትን»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው» የሚመጡት ዝምታ ስለሚያስፈራን ነው። መድኃኒቱ ዝምታውን መልመድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አፋችሁን ግጠሙ፣ ተንፍሱ፣ ቀጥሉ። ሁለት ሰከንድ ለእናንተ ዘመን ይመስላችኋል፤ ለአድማጭ ግን ሐሳቡን የሚይዝባት ፋታ ናት። ሁሉንም በአንዴ ለማጥፋት አትሞክሩ። አንዷን ምረጡና ጓደኛችሁ በሰማት ቁጥር ጣቱን እንዲያነሳ አድርጉ።

ኮርሱ የሚሰጠው በሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ የሚከብዷችሁን ቃላት ለይታችሁ ለብቻ ተለማመዱ፤ በቀላል ቃል መተካት የሚቻለውን ተኩ። ስለ አነጋገር ዘዬአችሁ ይቅርታ አትጠይቁ። ማንም ያላስተዋለውን እናንተው ትጠቁማላችሁ።

ደረጃ 8፦ ስላይድ (ከተፈቀደ)

በአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ። ፊደሉ ከኋላ ረድፍ የሚነበብ ይሁን፤ ከ24 በታች አትውረዱ። በአማርኛ የጻፋችሁት ከሆነ ፋይሉን በፒዲኤፍም አስቀምጡት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ ፎንት ከሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ወይም አሰላለፉ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቅጂ ኢሜይል ላይ ይኑር። ፕሮጀክተሩ ጭራሽ ባይሠራም መናገር እንድትችሉ አንድ ጊዜ ያለ ስላይድ ተለማመዱ።

ደረጃ 9፦ ዋዜማውና ዕለቱ

ዋዜማ ላይ አዲስ ነገር አትጨምሩ። አንዴ ተናገሩትና ተኙ። (ስለ እንቅልፍ እየተናገራችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ብትመጡ ደግሞ ያስቃል።)

በዕለቱ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ቡና የምታዘወትሩ ከሆነ ከለመዳችሁት አትጨምሩ፤ ካፌይን የልብ ምትንና መንቀጥቀጥን ያብሳል። ውሃ ያዙ። ተራ መምረጥ ከተቻለ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ግቡ። ብዙ ሰው መጨረሻ መሆን ይመርጣል፤ ግን ያ ማለት ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ተጨንቆ መቀመጥ ነው።

ተራችሁ ሲቀርብ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት። የልብ ምት አየር ስናስወጣ ዝግ ስለሚል ማስወጫውን ማስረዘሙ ያረጋጋል።

ለራሳችሁ «ተረጋጋ» ከማለት «ጓጉቻለሁ» በሉ። የሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩሏ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የበለጠ አሳማኝ ሆነው ተገኝተዋል። ጉጉትም ፍርሃትም ልብን ያስደልቃሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከሚደልቅ ልብ ወደ ጸጥታ ከመውረድ ይቀላል።

ደረጃ 10፦ መድረክ ላይ

1. እየተራመዳችሁ አትናገሩ። ሂዱ፣ ቁሙ፣ ካርዱን አስተካክሉ።
2. አንድ ቅን ፊት ፈልጉ። አንዴ ተንፍሱ። ከዚያ የያዛችሁትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ልቀቁ።
3. አንድ ሐሳብ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ክፍል ወዳለ ሰው ዙሩ። ዓይንን በጠቅላላ ክፍሉ ላይ ማንከራተት ማንንም አያናግርም። ግንባር ማየትም ዘዴ አይደለም፤ ያስታውቃል።
4. ሐሳብ ከጠፋባችሁ ቁሙ፣ ትንፋሽ አስወጡ፣ ካርዱን እዩ። ካልተመለሰ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቃል ድገሙት። አሁንም ካልመጣ ወደሚቀጥለው ነጥብ ዝለሉ። አስተዋጽኦው ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው፤ የዘለላችሁትን ማንም አያውቅም።
5. መጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጨርሳችሁ አንድ አፍታ ቁሙ። እየተናገራችሁ ወደ ወንበር አትሂዱ።

ደረጃ 11፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ ድገሙት። ከኋላ ያለው ይሰማል፣ እናንተም ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ታገኛላችሁ። የማታውቁት ከሆነ «እርግጠኛ አይደለሁም፤ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» በሉ። መምህሩ ፊት የፈጠራ መልስ መስጠት ከዚህ ይከፋል። ሊጠየቁ የሚችሉ አምስት ጥያቄዎችን ቀድማችሁ ጻፉ፤ ቢያንስ አንዱ አይቀርም።

ደረጃ 12፦ ከንግግሩ በኋላ

በዚያው ቀን ሦስት መስመር ጻፉ፦ የሠራው፣ ያልሠራው፣ በሚቀጥለው የምቀይረው አንድ ነገር። ብታሳድሩት የምታስታውሱት የተሰናከላችሁበትን ብቻ ነው። ከዚያ ቀጣዩ ንግግር እስኪደርስ አትጥፉ። በየሳምንቱ በማንኛውም ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቁ ወይም አንድ አስተያየት ስጡ። ትንሽ ናት፤ ግን ሰው ፊት ድምፅ የማውጣት ልማዱ እንዳይቋረጥ ታደርጋለች።

ማስጠንቀቂያ

- ጓደኛችሁ የሚወስደውን የልብ ወይም የጭንቀት መድኃኒት አትዋሱ። ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። መድኃኒት ያስፈልገኛል ካላችሁ ሐኪም ይወስን።
- ለድፍረት ብሎ አልኮል መጠጣት ምላስን ያስራል፤ ሐሳብንም ያደነዝዛል።
- ፍርሃቱ ከክፍል የሚያስቀራችሁ፣ ለቀናት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ ከሆነ መመሪያ ብቻውን አይበቃም። የኮሌጁን የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም አነጋግሩ። መምህሩንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አናግሩት። ቀድሞ ከተነገረው ለጥቂት ሰው እንድታቀርቡ ሊፈቅድ ይችላል፤ በዕለቱ ጠዋት ከሆነ ግን ምንም ማድረግ ላይችል ይችላል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- «ይቅርታ፣ ብዙም አልተዘጋጀሁም» ብሎ መጀመር። አድማጭ ጉድለት ፍለጋ ይጀምራል።
- ለስላይዱ ማንበብ። ፊታችሁ ወደ ሰሌዳው ከዞረ ድምፃችሁም አብሮ ይዞራል።
- ሌላ ሰው ወይም ማሽን የጻፈውን ንግግር ማቅረብ። የክብር ጉዳዩ እንዳለ ሆኖ፣ ቃሉ የእናንተ ስላልሆነ ሲጠፋ የምትተኩበት የላችሁም። ጥያቄ ሲመጣም ይጋለጣል።
- አንድ የተኮሳተረ ፊት ላይ መጣበቅ። ምናልባት እሱም ቀጥሎ ተራው ነው፣ ስለራሱ እየተጨነቀ ነው።
- ቀልድ ለመናገር መገደድ። ጓደኞቻችሁ ልምምዱ ላይ ካልሳቁ ክፍሉም አይስቅም። አውጡት።
- በግሩፕ ሥራ ለየብቻ መለማመድ። ርክክቡ ላይ «ቀጥሎ ማነው?» መባባል ይመጣል። የመጨረሻ ዓረፍተ ነገራችሁ ቀጣዩን ተናጋሪ የሚጠራ ይሁን፤ ቢያንስ አንዴ አብራችሁ ቆማችሁ ተለማመዱት።

ንግግሩ ነገ ከሆነ

ስላይዱን ተዉት፤ ግዴታ ከሆነ ሦስት ይበቃል። ደረጃ 2ን በ10 ደቂቃ ሥሩ። ነጥቦቹን ሁለት አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ብቻ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙ፣ ካርድ ጻፉ። ከዚያ ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አራት ጊዜ ሳታቋርጡ ተናገሩት፦ ሁለቴ ብቻችሁን፣ አንዴ ስልክ ላይ፣ አንዴ ሰው ፊት። አጠገባችሁ ሰው ከሌለ ለአንድ ጓደኛ ደውሉና በቪዲዮ ይስማችሁ። ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመግቢያውን ደቂቃ ብቻ አንዴ ድገሙት።